ፊቱ ስላበጠ መድኃኒቱን አታቁሚ

እህቴ፣ «ፕሬድኒሶሎን የልጄን ፊት አሳበጠው፤ አልተስማማውም፣ ዛሬውኑ አቁሚለት አሉኝ» ብለሻል። ይህን ምክር ብዙ ሰው ይሰጣል። ግን ስህተት ነው፤ አደገኛም ነው።

ክሮንስ ወይም አልሰራቲቭ ኮላይተስ (ሁለቱም አንጀትን የሚያስቆጡና የሚያቆስሉ የቆዩ ሕመሞች ናቸው) ያለበት ልጅ ይህን ቁጣውን የሚያበርድ የስቴሮይድ መድኃኒት ሲወስድ ፊቱ ክብ ብሎ ቢሞላ አለርጂ አይደለም። የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። መጠኑ ሲቀንስ ቀስ እያለ ይጠፋል። (ከንፈሩና ምላሱ በድንገት ካበጠ፣ ትንፋሽም ካጠረው ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጪ።)

ጣጣው ያለው ድንገት ማቆሙ ላይ ነው። ከኩላሊት በላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመርታሉ። ኮርቲሶልን የሚመስለው ይህ መድኃኒት ለሳምንታት ከውጭ ሲገባላቸው ሥራ ይፈታሉ። በአንድ ቀን ብታቆሚው ቶሎ አይነቁም። ልጁ ሊያስመልሰው፣ ሊዝል፣ የደም ግፊቱና ስኳሩም ሊወርድ ይችላል። ሐኪም መጠኑን ደረጃ በደረጃ የሚቀንሰው ለዚህ ነው።

«ቁመቱን ይገታል» የሚሉትስ? እሱ እውነትነት አለው። ግን በደንብ ያልታከመ ክሮንስም ዕድገት ይገታል፤ ይሄኛውን ማንም አያነሳውም! ሕመሙ ክሮንስ ከሆነ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ልዩ ፈሳሽ ምግብ ብቻ የሚሰጥበት ሕክምናም አለ። ሐኪሙን ጠይቂው።

እኔን ይልቅ የሚያሰጋኝ በዓይን የማይታየው ነው። አዛቲዮፕሪን (የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚያበርድ ሌላ መድኃኒት) ከተጀመረለት ነጭ የደም ሴሉ ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊወርድ ይችላል። የደም ምርመራ ቀጠሮው እንዳያልፈው።