እርማት፦ «ቤት ሲወደድ መሥራት ይረክሳል» ስለሚባለው

ወንድሜ፣ «ገዢ በዝቶ ቤት ሲወደድ፣ ከመግዛት መሥራት ሁሌም ይረክሳል» ብለሃል። ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው፤ ግን ልክ አይደለም። ሰው በዚህ የተነሳ ዕዳ ውስጥ ሲገባ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ቤት የሚያስወድደው ግፊት መሬቱንም ያስወድደዋል። ሁሉም ወደ ግንባታ ሲዞር ሲሚንቶና ብረት ይጨምራል፤ ጎበዝ ግንበኛም በወረፋ ነው የሚገኘው። አንተ ያወዳደርከው ያለቀውን ቤት ዋጋ ከግድግዳና ከጣሪያ ወጪ ጋር ብቻ ነው። የአፈር ምርመራው፣ ዲዛይኑ፣ ፈቃዱ፣ ውሃና መብራት ማስገባቱ፣ አጥሩስ?

ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ጊዜው ነው። ቤቱ እስኪያልቅ ኪራይ ትከፍላለህ። በብድር ከሆነ ወለዱም አብሮ ይቆጥራል። ሥራው 6 ወር ዘገየ ማለት የ6 ወር ኪራይና ወለድ ተጨመረ ማለት ነው። ባለሙያዎች ከበጀቱ ላይ 10 በመቶ ያህል መጠባበቂያ ያዙ የሚሉት ለዚህ ነው። እኔ እንኳ 20 ብትይዝ እመርጣለሁ።

መሬቱ ቀድሞ በእጅህ ካለ ነገሩ ይለያል፤ ያኔ መሥራት በእርግጥ ሊያዋጣ ይችላል። ከሌለህ ግን ለሁለቱም እስከምትገባበት ቀን ድረስ የሚወጣውን ወጪ በሙሉ ደምረህ አወዳድር።