«በመሄድዎ አዝነናል»

ባሕር ዳር ውስጥ ሰው ቤት ገብቶ ቡና ሳይጠጡ መውጣት የሚቻለው ባለቤቲቱ ቤት ከሌለች ብቻ ነው። ከገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ ካገኘችዎት ግን ያም አበቃ፤ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። «እቸኩላለሁ» ቢሉ ከሰሉ ተያይዟል ይባላሉ። አቦሉን ጠጥተው ሲነሱ «ቶናው ሳይደርስ?» ይመጣል፤ ከቶናው ሲነሱ ደግሞ «በረካን ረግጦ የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው?»። በዚህ መሀል ቡናው የዘጌ መሆኑ ደጋግሞ ይነገርዎታል። ከወጡም በኋላ በር ላይ ቆሞ የሚደረግ ሌላ ጨዋታ አለ፤ ከውስጡ የሚረዝመው እሱ ነው።

ይህን ያህል እንግዳ ያለመልቀቅ ልምድ ያለን ሰዎች በኢንተርኔት ሱቅ ወርሃዊ አባልነት ስንያዝ ማየት ታዲያ ያስቃል። እነዚያ ሱቆች የእኛኑ ሥርዓት ነው የወሰዱት፤ ያስቀሩት ቡናውን ብቻ ነው።

ጎረቤታችን እማማ (ሰፈራችን ሽምብጥ ውስጥ በሌላ ስም የሚጠራቸው የለም) ቨርጂኒያ ላለች የልጅ ልጃቸው ለልደቷ ጫማ ሊሰጧት አሰቡ። ጫማው እዚያው አሜሪካ ተገዝቶ በሯ ድረስ እንዲሄድ ነው። የሚከፈልበት ካርድ የልጃቸው፣ ማለትም የልጅቷ አባት ነው፤ ለጥምቀት መጥቶ ሲመለስ ትቶላቸው በሄደው ታብሌት ላይ እንደተመዘገበ ቀርቷል። ስለዚህ አያት ለልጅ ልጇ በአባቷ ገንዘብ ድንገተኛ ስጦታ ገዛችላት ማለት ነው። ይኼ በእኛ አገር የተለመደ ቸርነት ስለሆነ አልፈዋለሁ።

ግዢውን የፈጸመው ፖሊ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ግቢ) የሚማረው የእህታቸው ልጅ ነው። ትምህርቱ ሲቪል ምሕንድስና ቢሆንም በሰፈሩ ስለ ኮምፒውተር የሚጠየቀው እሱ ነው። የጫማው ዋጋ ታየ፣ የማድረሻው ዋጋ ታየ፣ ከማድረሻው ሥር «አባልነትን ለ30 ቀን በነጻ ይሞክሩ፤ ማድረሻ አይከፍሉም» የሚል ሳጥን ታየ። ከሳጥኑ ሥር መነጽር በሚያስፈልገው ፊደል «ከዚያ በኋላ በየወሩ 14.99 ዶላር» ይላል። እማማ መነጽራቸውን ሊፈልጉ ጓዳ ሲገቡ ልጁ ነካው።

ሠላሳው ቀን ሲሞላ በር ያንኳኳ የለም። ካርዱ ለጫማው ሲባል አስቀድሞ ተሰጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ዝም ያለ ሰው እሺ እንዳለ ይቆጠራል። ዝምታ ወርቅ ነው የተባለው ለእነሱ መሆን አለበት።

ወራት አልፈው ልጃቸው ደወለ። እኛ ዘንድ ማታ 3 ሰዓት ነው፤ ቪዲዮው አንዴ ይሄዳል አንዴ ይቆማል።

«እማዬ፣ የማላውቀው ድርጅት በየወሩ ከካርዴ ይቆርጣል። የምታውቂው ነገር አለ?»

«እኔ ማንን አውቃለሁ ልጄ? ማን ይባላል?»

ስሙን አነበበው። የጫማው ሱቅ ስም አይደለም። የባንክ መግለጫ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው የእናት ድርጅቱ ወይም ክፍያውን የሚሰበስበው አካል ስም ነው፤ ሰው በአንድ ስም ገዝቶ በሌላ ስም ሲቆረጥበት ካርዴ ተሰረቀ ብሎ ይደነግጣል። እማማም ደንግጠው ሌባው እንዲያዝ ለሚካኤል ስለት ተሳሉ። ልጃቸውም ባንኩን ካርዱን አስቀየረ። በቀጣዩ ወር ሒሳቡ አዲሱ ካርድ ላይ መጣ። ቪዛና ማስተርካርድ የተለወጠ የካርድ ቁጥር ለነጋዴው የሚያቀብሉበት አገልግሎት እንዳላቸው የሰማነው ያን ጊዜ ነው። ፖሊው በበኩሉ መተግበሪያውን ከታብሌቱ አጥፍቶት ነበር፤ የጠፋው ግን ምስሉ ነው፣ ውሉ ሱቁ ዘንድ ተቀምጧል።

ባንኩ ደግሞ ጥያቄ ነበረው። በአሜሪካ ሕግ የክሬዲት ካርድ ባለቤት የተሳሳተ ሒሳብ ሲያይ መግለጫው ከተላከለት ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መከራከር ይችላል። ነገር ግን «ይኼን የፈቀደ ከቤተሰብዎ ሰው አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ምን ይበል? የአክስቴ ልጅ ነው፣ እናቴ መነጽር ፍለጋ ጓዳ ገብታ ሳለ? ለዚያ የሚሆን ቅጽ የለም።

«አባል ተደርገን ነው» ሲባሉ ግን እማማ ቀለል አላቸው። የማኅበር ሰው ናቸው። «ታዲያ ሙሴው ማን ነው? ስልኩን ስጡኝ፣ እኔ አነጋግረዋለሁ» አሉ። ሙሴ የለም፣ ጸሐፊ የለም፣ ገንዘብ ያዥ የለም። መልስ የሚሰጠው ማሽን ነው፤ እሱም በእንግሊዝኛ። እማማ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው፣ «ያለ ሙሴ እንዴት ገንዘብ ይሰበሰባል?» አሉ። እኔም እስካሁን አልገባኝም።

ከዚያ ስሌት ተጀመረ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት ባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር አሁን ከመቶ ብር በላይ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ዶላር በእጁ ነክቶ የማያውቀው ባጃጅ ነጂያችን ሳይቀር የዕለቱን ይነግርዎታል። የዓመቱ ድምር ደህና የፋሲካ በግ ሆኖ ተገኘ። እማማ በጉን በዓይነ ሕሊናቸው ካዩት በኋላ «በሉ አሁኑኑ ይሰረዝ» አሉ።

ፖሊው ገጹን ከፈተ። ላይ በደማቅ ብርቱካናማ ሰፊ ቁልፍ «ጥቅሞቼን አቆያለሁ» ይላል። ታች፣ በፈዘዘ ግራጫ፣ ቁልፍ ይሁን ተራ ጽሑፍ ሳይለይ «ወደ መሰረዝ ቀጥል» ተብሏል። ነካው። ሌላ ገጽ መጣ፤ የሚያዝን ፊት ተሥሎበታል።

«ምን ይላል?»

«‘በመሄድዎ አዝነናል’ ይላል።»

«ውይ በሞትኩት! አዘኑ?»

«ማሽን ነው እኮ እማማ።»

«የጻፈው ሰው አይደለም? ቀጥል፣ ምን ይላል?»

«‘እባክዎ አይሂዱ፤ ለሦስት ወር በግማሽ ዋጋ እንስጥዎት’ ይላል።»

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሰው እንዲህ ለምኖ፣ ከዋጋውም ቀንሶ፣ እንዴት እምቢ ይባላል? ዕድሜ ልካቸውን በቶና ያስቀሩት እንግዳ ሁሉ ፊታቸው ሳይደቀን አልቀረም። «እሺ በላቸው፤ ሦስት ወር ምን አላት» አሉና ታብሌቱ ተዘጋ። ቨርጂኒያ ያለው ሰው ግንባሩን ይዞ ሲታይ ቪዲዮው እዚያው ላይ ቆመ።

ካርድ የለኝም ብሎ የሚስቅ አንባቢ ካለ የስልኩን ቀሪ ሒሳብ ይመልከት። ሳይጠይቅ የኮከብ ትንቢት፣ የጤና ምክርና የእንግሊዝ ኳስ ውጤት በአጭር ቁጥር የሚላክለት፣ ለዚያም በየቀኑ ሁለት ብር የሚቆረጥበት ስንት ሰው አለ። «ለማቋረጥ ስቶፕ ብለው ይላኩ» ይላል። ይልካሉ። «በትክክል አልጻፉም» ይባላሉ።

አሜሪካኖቹም ነገሩ ታክቷቸዋል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽናቸው በ2023 (እዚህ ላይ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ትልቁን የኢንተርኔት ሱቅ አማዞንን ሲከስ፣ ከአባልነት መውጫው መንገድ አራት ገጽ፣ ስድስት ጠቅታና አሥራ አምስት ምርጫ እንደነበረው፣ ድርጅቱ ውስጥም በአንድ ረጅም የጥንት ግሪክ የጦርነት ግጥም ስም ይጠራ እንደነበር ጽፏል። አማዞን ጥፋቱን ሳያምን በመስከረም 2025 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ተስማማ፤ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ ነው። ኮሚሽኑ መውጣትም እንደ መግባት ይቅለል የሚል ደንብም በ2024 አውጥቶ ነበር። መሰረዝን ቀላል ሊያደርግ የመጣው ይኸው ደንብ ሥራ ሊጀምር ቀናት ሲቀሩት፣ በሐምሌ 2025፣ ኮሚሽኑ ተገቢውን ሒደት አልተከተለም ተብሎ በይግባኝ ፍርድ ቤት ተሰረዘ። እሱን እንኳ እባክህ አትሂድ ያለው የለም።

ግማሽ ዋጋው ሲያልቅ ልጃቸው ቀኑን ቆጥሮ ደወለ። በዚህ ጊዜ ፖሊው እንዳይተረጉም ከቨርጂኒያ ጥብቅ ትእዛዝ ተሰጥቶታል። ገጹ ሲያዝን ዝም፣ ገጹ ሲለምን ዝም፣ ግራጫዋን ብቻ እየፈለገ ወረደ። «ተሰርዟል» የሚለው ሲመጣ ስክሪኑን ፎቶ አነሣው፤ ነገ ቢካዱስ?

የመጨረሻው ገጽ ምክንያት ጠየቀ። እማማ ይኼን ካልሰማሁ አሉና ተነበበላቸው። «ዋጋው በዛብኝ»፤ ይኼ ነውር ነው፣ ሰው ቤት ድረስ ሄዶ ደሃ ነኝ ማለት። «አልተጠቀምኩበትም»፤ ውሸት ነው፣ ጫማው ደርሷል፣ ልጅቷም አድርጋው ፎቶ ልካለች። «የተሻለ ሱቅ አገኘሁ»፤ ይኼማ ጭራሽ ፊት ለፊት አይባልም። ስለዚህ ፖሊው «ሌላ» የሚለውን መረጠና ባዶ ቦታ ተከፈተ።

«ጻፍ» አሉት። «ቅር እንዳይላችሁ። ጫማው ልክ ሆኗታል፣ እግዜር ይስጥልን። እኛ ደህና ነን።»

ጻፈው፤ በእንግሊዝኛ። ላከው። ወዲያው መልስ መጣ።

«ምን አሉ?»

«‘አስተያየትዎ ደርሶናል። መመለስ ከፈለጉ በራችን ክፍት ነው’ ይላሉ።»

እማማ ታብሌቱን ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ለፋሲካ እናያለን በላቸው።»