ስለ አዩርቬዳና የወር አበባ ህመም

ስለ አዩርቬዳ (የህንድ ጥንታዊ ባህላዊ ህክምና) ያወጣችሁት ፅሁፍ የወር አበባ ህመም የሚመጣው ቫታ (የሰውነትን እንቅስቃሴ ይመራል የሚሉት የንፋስ ኃይል) ሲዛባ ነው ይላል፣ አዎ አዩርቬዳ እንደዛ ነው የሚያየው፣ ወደ ታች የሚገፋው የቫታ ክፍል፣ አፓና ቫታ የሚሉት፣ መንገዱን ሲስት ደሙ በደንብ አይወርድም ሆድም ይቆርጣል ይላሉ። ቻራካ ሳምሂታ የሚባለው ጥንታዊ የአዩርቬዳ መፅሐፍ ላይ እኮ 20 አይነት የማህፀንና የብልት ችግር ተዘርዝሯል፣ በዛ ዘመን የሴት ህመም ቁምነገር ተብሎ መፃፉ በጣም ደስ ይለኛል። ፅሁፉ የሚመክረው በወር አበባ የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት እረፍት፣ ገብስ በወተት ተሰርቶ ትንሽ ትንሽ መብላት፣ ይሄ አብዛኛውን ሰው አይጎዳም። ግን በጥንቱ የአዩርቬዳ ደንብ ላይ ገላሽን አትታጠቢ አታልቅሺ የሚልም አለ፣ እሱን ለምን ዘለላችሁት?

ከሁሉም የሚያሳስበኝ የአዩርቬዳ ኪኒኑ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ በ2011 እና 2012 (በፈረንጆች) ከህንድ የመጣ የአዩርቬዳ መድሃኒት የወሰዱ 6 ነፍሰጡሮች ደማቸው በሊድ (እርሳስ በሚባለው መርዛማ ብረት) ተመርዞ ተገኝቷል፣ ሊድ ደግሞ ወደ ፅንሱ ያልፋል። እህቶቼ በተለይ እርጉዝ የሆናችሁ ወይ ለማርገዝ የምትሞክሩ፣ ተፈጥሯዊ ነው ስላሏችሁ ብቻ ምኑም ያልተመረመረ ዱቄት አትዋጡ። በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር ደም ወይም ከስራ የሚያስቀር ህመም ካለ ደግሞ ማዮማ (የማህፀን እጢ) ወይ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ህዋስ ከማህፀን ውጪ ሲያድግ) ሊሆን ይችላል፣ የማህፀን ሐኪም ጋ ሄዳችሁ አልትራሳውንድ ተነሱ፣ የደም ማነስም ታዩ። አዘጋጆች እባካችሁ ይሄን ፅሁፉ ላይ ጨምሩበት፣ ብዙ ልጆች ያነቡታል።