ማስተካከያ፦ የዶቃ ፈተናና ችኩል ድምዳሜ በሳይኮሲስ

ሳይኮሲስ እውነታን የመለየት ችሎታ የሚዛባበት የአእምሮ ሕመም ነው። ቀደም ሲል ስለ እሱ በቀረበው መረጃ «ሳይኮሲስ ያለበት ሰው ሁሉ ያለ በቂ ማስረጃ ይደመድማል፤ የዶቃ ፈተናም ይህን ያረጋግጣል» ተብሏል። ይህ ትክክል አይደለም።

በፈተናው ሁለት ማሰሮዎች አሉ፤ አንዱ 85 ቀይና 15 ሰማያዊ ዶቃ፣ ሌላው በተቃራኒው 15 ቀይና 85 ሰማያዊ ይይዛል። ተፈታኙ ከማይታየው ማሰሮ አንድ በአንድ የሚወጡትን ዶቃዎች እያየ የትኛው እንደሆነ ይወስናል። ችኩል የሚባለው 1 ወይም 2 ዶቃ ብቻ አይቶ የወሰነው ነው። ከእውነታ የራቀ ጽኑ እምነት ካላቸው ሰዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያደርጋሉ፣ ሁሉም ግን አይደሉም። ሕመሙ የሌለባቸውም የሚቸኩሉ አሉ። ደግሞም ሁለት ቀይ ዶቃ በተከታታይ ከወጣ ግምቱ ትክክል የመሆን ዕድሉ 97 በመቶ ገደማ ነው፤ መቸኮሉ የሂሳብ ስህተት አይደለም! ድርሻው 60 ለ40 ሲሆን ግን የመጀመሪያው ዶቃ የሚሰጠው 60 በመቶ ብቻ ስለሆነ በሚቸኩሉትና በማይቸኩሉት መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ትርጉም አለው። መመሪያው ያልገባው ሰውም ቶሎ ያቆማል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በራሱ አገላለጽ እንዲደግመው ይጠየቅ።

«ተሟግቶ ማሳመን ይረዳል» የሚለውም ይሰረዝ። ስለ እምነቱ ከታማሚው ጋር መሟገት መተማመንን ያሻክራል። የሜታኮግኒቲቭ ሥልጠና (የራስን አስተሳሰብ መመርመርን የሚያለማምድ ሥልጠና) የሚጀምረው ከገለልተኛ ነገር ነው፦ ቀስ በቀስ የሚገለጥ ሥዕል ታይቶ ምንነቱ ይገመታል፣ የእርግጠኝነቱም መጠን ይጠየቃል። መድኃኒትን ግን አይተካም።