ሰኔ ገባ፣ ቆርቆሮ መቺው ቀረ

«ነገ እመጣለሁ!» የትኛው ነገ? የሚያዝያው ወይስ የግንቦቱ? ሰኔ ገባ እኮ! ለጡረታ የተቀለሰችው ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ራቁቷን ቆማለች። መጀመሪያ ጣሪያ፣ ከዚያ ምርጊት ነው። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ሳይሰነጣጠቅ ሁለተኛው አይለጠፍም። ፀሐይ ደግሞ በሐምሌ በኪሎ አትሸጥ!

ቢመጣስ? ምስማሩን የቆርቆሮው ሞገድ ጉብታ ላይ መምታት ሲገባው ስርጉዱ ላይ ይቸነክረዋል። ውሃው የሚወርደው በየት ሆነና ነው፣ ጌታዬ? የምስማሩ ጎማስ? «ረሳሁት።» ቆርቆሮው አንድ ሞገድ ተኩል ይደራረብ ሲባል ግማሽ ያደርጋል፤ «ልቆጥብልዎት ብዬ» ነው። እግዜር ይስጥልን! ክፈፉ ከግድግዳው የወጣው ስንዝር ብቻ። ዶፉ ግድግዳውን ሲያጥበው ጭዱ እንደ ሽበት ብቅ ብቅ ይላል። ቀብዱ ግን ገና በመጋቢት ተበልቷል።