ትናንት ስለ አጎቴ ውጤት የጻፍኩት ላይ ማስተካከያ
ሰላም ቤተሰብ፣ ትናንት ስለ አጎቴ የሬክተም ማለትም የትልቁ አንጀት መጨረሻ ካንሰር ስጽፍ «ከኬሞና ከጨረር በኋላ ተቆርጦ በወጣው አንጀት ላይ ሙሲን የሚባል ዝልግልግ ነገር ስለተገኘ ካንሰሩ አልጠፋም» ብያችሁ ነበር፣ ተሳስቻለሁ በጣም ይቅርታ። ማታ ቱሉ ዲምቱ መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ የፓቶሎጂውን (የተቆረጠው አንጀት በማይክሮስኮፕ ታይቶ የተጻፈውን) ወረቀት ደግሜ ሳነበው ሙሲኑ ውስጥ የካንሰር ሴል የለም ነው'ኮ የሚለው፣ እንደዛ ከሆነ ደሞ ቀሪ ካንሰር ተብሎ አይቆጠርም፣ ሕክምናው የገደለው እጢ ትቶት የሄደው ነገር ነው። ውጤቱ ዋይፒ ቲ 0 ኤን 0 ነው፣ ቲ 0 አንጀቱ ላይ፣ ኤን 0 ደሞ ሊምፍ ኖዶቹ (ንፍፊቶቹ) ላይ ካንሰር አልተገኘም ማለት ነው፣ ከፊቱ ያለችው ዋይፒ ከሕክምና በኋላ የታየ ማለት ነች። ከኬሞና ጨረር በኋላ እንዲህ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋላቸው ከ100 ሰው ከ15 እስከ 20 ገደማ ናቸው፣ ተመልሶ የመምጣት እድሉም ከሌሎቹ በጣም ያንሳል፣ ዜሮ ግን አይደለም ክትትሉ ይቀጥላል።

ሌላው «ተቆርጦ ከወጣው ውስጥ ለምርመራ 9 ሊምፍ ኖድ ብቻ ነው ያገኙት፣ 12 መሙላት ነበረበት፣ ሰርጀኑ በደንብ አልሠራም» ያልኩት ነው። ጨረር ኖዶቹን ስለሚያኮማትራቸው ከሕክምና በኋላ ቁጥሩ ማነሱ የተለመደ ነው፣ ሰውየውን ያለ ጥፋቱ ነው የወቀስኩት። አክስቴ የትናንቱን አንብባ ስታለቅስ ነው ያደረችው፣ ሼር ያደረጋችሁ እባካችሁ አጥፉልኝ።