ማንንም የማያስቀይም ትምህርት

የሐረር ሰው የሚመሰገንበት ነገር ጥቂት አይደለም። እንግዳ መቀበል ያውቃል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ቋንቋ ሳይደናቀፍ ያስኬዳል፣ ሌላው አገር በዱላ የሚያባርረውን ጅብ በስሙ ጠርቶ ሥጋ ያጎርሳል። ከእነዚህ ሁሉ የሚልቀው ሙያችን ግን እስካሁን አመስጋኝ አላገኘም፤ ይኸውም ለልጆቻችን «የዱር እንስሳት ለምን ለመጥፋት አደጋ ይጋለጣሉ?» የሚለውን ትምህርት ስናስተምር፣ ከአገሬው ሰው አንዱን እንኳ ሳናስቀይም ከመግቢያ ንግግሩ እስከ መዝጊያው ጭብጨባ ማድረስ መቻላችን ነው። ይህ ቀላል ችሎታ እንዳይመስላችሁ። ሌላ ቦታ ቢሆን ልጁ የተማረውን ይዞ ቤቱ ይገባና እናቱን አባቱን በጥያቄ ያጣድፋል፣ የቤት ሰላም ይደፈርሳል። የእኛ ልጅ ግን እንደ ሄደ ይመለሳል፤ በእጁ ከያዘው ወረቀት በቀር የተለወጠ ነገር የለውም።

ጥበቡ የሚታወቀው ከአጀማመሩ ነው። ስለ ዝርያ መጥፋት ሲነሳ ቅድሚያ የምንሰጠው ለዳይኖሰር ነው፤ ከ66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከሰማይ የወረደ ግዙፍ አለት ዘሩን ፈጀው፣ አለቀ። ተጠያቂው ቀበሌ የለውም፣ ዘመድ የለውም፣ ነገ ለቅሶ ቤት ፊት ለፊት አያስቀምጠንም። ቀጥለን ዶዶ ወደምትባለው መብረር የማትችል ወፍ እንሻገራለን። እሷንም በ17ኛው መቶ ዘመን ሞሪሸስ ደሴት ላይ የጨረሷት የሆላንድ መርከበኞችና በመርከብ ይዘዋቸው የመጡት አሳማዎችና አይጦች ናቸው፤ ከሆላንድ መርከበኛ ጋር ዕቁብ የሚጥል ሰው ደግሞ ከሸዋ በር እስከ ኤረር በር ቢፈለግ አይገኝም።

ከዶዶ በኋላ ተራው የፓንዳ ነው። የሐረር ልጅ ፓንዳን ከገዛ አያቱ ባልተናነሰ ያውቀዋል፤ ደብተሩ ላይ አለ፣ ቦርሳው ላይ አለ፣ የክፍሉ ግድግዳ ላይ ቀርከሃ እያኘከ ቁጭ ብሏል። እርግጥ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 ፓንዳን «ለመጥፋት አደጋ የተጋለጠ» ከሚለው ምድብ አውጥቶ ሻል ወዳለው ምድብ አዛውሮታል፤ ቻይናዎች አደኑን ከልክለው ደኑን ስለጠበቁለትና መልሰው ስላለሙለት ቁጥሩ አንሰራራ። ይህችን ወሬ ግን ከልጆቹ እንሸሽጋለን። አንድ እንስሳ ደኑ ሲመለስለት እሱም ይመለሳል ካልናቸው፣ የእኛ አገር ደን ወዴት እንደሄደ ለመጠየቅ የሚነሳ ክፉ ልጅ ከክፍሉ አይጠፋም።

በፓንዳ ላይ ይህን ያህል የምንቆየው የራሳችን የሚነገርለት እንስሳ ስለሌለን አይደለም። ከሐረር ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ባቢሌ ይደረሳል። በስሟ የሚጠራው የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ ሲሆን፣ 6,982 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት እንዳለው በወረቀት ላይ ሰፍሯል። በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች ውስጥ የሚመላለሱት በጥቂት መቶዎች የሚቆጠሩ ዝሆኖች ናቸው፤ ጎፈሩ የጠቆረ አንበሳም ጎረቤታቸው ነው። ልጆቻችን ግን ባቢሌን የሚያውቋት በለውዟና በማዕድን ውሃዋ ነው፤ ለውዝና ውሃ በያዘ ትንሽ ጭንቅላት ላይ ዝሆን መጨመር ከሕፃናት አስተዳደግ አንጻር የሚመከር አይመስለኝም።

ስለ ባቢሌ የግድ መናገር ቢመጣብን እንኳ አንጨነቅም፤ ሕገወጥ አዳኙ አለልን። ይህ ሰው ባይኖር ኖሮ ምን ይውጠን ነበር? አዳኝ የለም የሚል ካለ ተሳስቷል፤ አገራችን በመጋቢት 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያቃጠለችው ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስና ጌጣጌጥ ከሰማይ የዘነበ አልነበረም። የእኛ ብልሃት ግን የሁሉንም ሰው ድርሻ አጠራቅመን በዚህ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መጫናችን ነው። በልጆቹ ስዕል ውስጥ ሁልጊዜ ጥቁር መነጽር ያደርጋል፣ ጠመንጃው ከቁመቱ ይረዝማል፣ ጢሙም አይላጭም። የሚገርመው ነገር የማንም አጎት ሆኖ አለመገኘቱ ነው።

አንድ ጊዜ እንዲህ ባለ የስዕል ውድድር ላይ ከዳኞቹ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ጠረጴዛው በጠመንጃ ተሞልቶ ሳለ፣ ምናልባት አምስተኛ ክፍል የምትሆን ልጅ አይሱዙ ስላ አመጣች። የሠራችው ዘበናይ ሥራ ነው፤ በመኪናው ላይ የከሰል ጆንያዎች ተደርድረዋል፣ የጆንያዎቹ አፍ በቅጠል ተወትፎ በገመድ ተጠልፏል፣ ከበስተኋላ ጉቶ ብቻ የቀረበት ቀይ አፈር ይታያል። አንደኛው ዳኛ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ «ጎሽ የኔ ልጅ፣ መኪናዋ ቁርጥ መኪና! ዝሆኑ ግን የታለ?» አሏት። «የተጫነው ቤቱ ነው ጋሼ፤ እሱ ሄዷል» አለች። ዳኞቹ ተያዩ። «አቦ፣ ይቺ ልጅ ከርዕሱ ወጥታለች» ተባለና ማበረታቻ ተሰጣት፤ ሽፋኑ ላይ ፓንዳ ያለበት ደብተር። ይህ ሁሉ ሲሆን በአዳራሹ ጥግ ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ነበር፤ ከሰሉም ደረቅ የግራር ከሰል ስለነበር ጭስ የሚባል አልነበረውም፣ ፈንዲሻውም ግሩም ነበር።

እንግዲህ ዳኞቹን የሚወቅስ ሰው የነገሩን ክብደት ያልተረዳ ነው። ልጅቱን አንደኛ ቢያደርጓት ኖሮ፣ በአፈር በተሸፈነ ባህላዊ ማክሰያ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት እንደሚያስፈልግ ማብራራት ሊኖርባቸው ነው። ከዚያም እንጨቱ የማን ጥላ፣ የማን ምግብ እንደነበር ሊጠየቁ ነው። መጠለያው ውስጥ ሰው እንደሚሠፍርበት፣ እርሻ እንደሚታረስበት፣ ከብት እንደሚሰማራበት፣ ግራሩም ለማገዶና ለከሰል እንደሚቆረጥ ያልሰማ የለም፤ ነገሩ ከተነሳም የምንኮንነው ሰው አናጣም፤ ሌላ መተዳደሪያ የሌለውን፣ ፊቱ በጥላሸት የጠቆረውን ከሳይ እንኮንናለን። ከሳዩ የሚያከስለው ለራሱ ቡና አይደለም፤ ለገዢ ነው። ገዢ የሚባለው ፍጥረት ግን በትምህርቱ ውስጥ በየትኛውም ገጽ ታይቶ አይታወቅም፤ ምናልባት እሱም ለመጥፋት አደጋ የተጋለጠ ብርቅዬ ዝርያ ይሆናል። (መብራት በጠፋ ቁጥር በምን እናብስል የሚለኝ ሰው እውነት አለው፤ ይህን እውነቱንም ለልጁ ቢነግረው መልካም ነበር። ስለ ጫት ደግሞ ምንም አላነሳሁም፤ እኔም ማታ ወዳጆቼ መሐል መቀመጥ እፈልጋለሁ።)

በሒሳብ ክፍለ ጊዜም ጥንቃቄያችን አይጓደልም። ዝሆን 22 ወር አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ ትወልዳለች፤ የሚቀጥለውን እስክትወልድ አራት አምስት ዓመት ያልፋል፤ የተወለደችውም ሴት ለመውለድ ከ10 ዓመት በላይ ትቆያለች። መንጋው በጥቂት መቶዎች ብቻ የሚቆጠር ከሆነ፣ በየዓመቱ ጥቂት እናቶች ሲገደሉ ጉድለቱ በአንድ ትውልድ እንደማይሞላ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሸለቆው በማሳና በሠፈር ሲቆራረጥ ደግሞ ዝሆኑ ወደ ውሃ የሚወርድበት መንገድ ይዘጋበታል፤ ተዘዋውሮ በማሽላ መሐል ያልፋል፤ የዓመት ቀለቡ የተረገጠበት ገበሬ በችቦና በጩኸት ይወጣበታል፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ወይም ሌላው፣ አንዳንዴም ሁለቱም ይሞታሉ። ይህን ሁሉ አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ በእርሳስ ሊያሰላው ይችላል፤ የሚያሰጋውም ይኸው ነው። ስለዚህ በእኛ መልመጃ ሦስት ዝሆኖች ወደ ሁለት ዝሆኖች ይመጡና አምስት ይሆናሉ። በእኛ ሒሳብ ዝሆን ይደመራል እንጂ አይቀነስም።

ለእንስሳቱ ፍቅር የለንም የሚለን ቢኖር ስልካችንን እናሳየዋለን። በዓለም ላይ የቀሩት አቦ ሸማኔዎች 7,000 ገደማ እንደሆኑ ይገመታል፤ ግልገሎቻቸው ከዚሁ ከአፍሪካ ቀንድ ተሰርቀው በሶማሌላንድ የባሕር ዳርቻ በኩል ወደ ዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ለባለጸጎች ቤት ማድመቂያ ይሻገራሉ፣ ብዙዎቹም መንገድ ላይ ይሞታሉ። የተረፈው ግልገል በውድ መኪና ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊልም ሲነሳ፣ እኛ ልጃችንን ጭናችን ላይ አስቀምጠን «ማሻ አላህ፣ እንዴት ያምራል!» እያልን አብረን እናያለን፤ ለዘመድም እንልካለን። ልጁ «ለእኔም ግዛልኝ» ሲል ከት ብለን እንስቃለን። ዋልያንም ቢሆን አልበደልነውም፤ ከስሜን ተራሮች በቀር የትም የሌለ እንስሳ ነውና ስሙን ለብሔራዊ ቡድናችን ሰጥተነዋል፤ ቡድኑ ሲሸነፍ የምንሳደበው ስድብ እሱን እንደማይመለከተው ተስፋ አደርጋለሁ።

በዚህ ረገድ የሚያሳፍሩን የጥንቶቹ የጀጎል ሰዎች ናቸው። ግንቡን ሲገነቡ ለጅብ መግቢያ ቀዳዳ ተዉለት፤ ሌሊት ገብቶ የጓሮውን ጥራጊና አጥንት ጠራርጎ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። በአሹራም ገንፎ ሠርተው አቀረቡለት። ልጁ በመስኮት እያየ ያድጋል፤ አውሬና ሰው በአንድ ከተማ የሚኖሩት አንዱ ለሌላው መንገድ ሲለቅ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ይህን ሁሉ የፈጸሙት ቃለ ጉባኤ ሳይዙ፣ ቲሸርት ሳያሳትሙ፣ የሻይ ዕረፍት ሳይኖራቸው ነው። አንድም ሰርተፊኬት አልተሰጠም። ጅቡ እስከ ዛሬ መኖሩ ለአሠራራቸው መልካምነት ማስረጃ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ሪፖርት የሌለው ሥራ ተሠርቷል ለማለት እቸገራለሁ።

ዘመናዊውን መንገዳችንን ለማጠናከር ለአዘጋጆች የማቀርበው አንድ ሐሳብ ብቻ አለኝ፤ እሱም የወጪ ጉዳይ ነው። «ዝሆኖቻችን ኩራታችን ናቸው» የሚለው ባነር የዝሆኖቹ ቁጥር በተለወጠ ቁጥር እንደ አዲስ እየታተመ ገንዘብ ከሚባክን፣ ጽሑፉ አንድ ጊዜ በጥሩ ቀለም ይታተምና ቁጥሩ የሚገባበት ቦታ ክፍት ይተው፤ በየዓመቱ ከዝግጅቱ በፊት በማርከር ይሞላል። ክፍቱ ቦታ ለጊዜው ሦስት አሃዝ የሚይዝ ይሁን፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለት አሃዝ ይበቃዋል፤ በተረፈው ቦታ ላይም የስፖንሰር ስም ሊገባ ይችላል።